ወንፈል እንጂ ምጽዋት አይደለም፦ ስለ ዩኒቨርሲቲና ስለ ከተማ ጉርብትና

ዛሬ ይዤላችሁ የቀረብኩት ጉዳይ ሁላችንም በየቀኑ የምናየው፣ ነገር ግን ቁጭ ብለን ብዙም ያልተወያየንበት ነው። ይኸውም አንድ ዩኒቨርሲቲ ከጎረቤቱ ከከተማውና ከገጠሩ ሕዝብ ጋር ያለው ግንኙነት እንዴት ይሻሻላል የሚለው ነው።

ነገሩን እንዳስብበት ያደረገችኝ እናቴ ነች። በሴሚስተሩ ዕረፍት ወደ ቤተሰቦቼ ጋሳይ ሄጄ ነበር። ጋሳይን ለማታውቁ፣ ከደብረ ታቦር ወደ ጋይንት በሚወስደው መንገድ ላይ፣ በጉና ተራራ አካባቢ የምትገኝ ትንሽ ከተማ ነች። ድንችና ገብስ በሽ ነው፤ ብርዱም እንደዚያው። ቡና እየተጠጣ እያለ እናቴ በመሃል፣ «ስሚማ፣ እነዚያ ወረቀት ይዘው የመጡት ልጆች ያ የጻፉት ነገር ምን ደረሰ?» አለችኝ። እኔ ምኑም አልገባኝም። ለካስ ከሁለት ዓመት በፊት ተመራማሪዎች ነን ያሉ ወጣቶች ቤታችን መጥተው ኖሯል። ስንት ጥማድ መሬት አላችሁ፣ ስንት ኩንታል ድንች ታገኛላችሁ፣ ውኃ ከየት ትቀዳላችሁ፣ ልጆቻችሁን አስከትባችኋል ወይ እያሉ ግማሽ ቀን ጠይቀዋታል። ያን ዕለት ድንች የሚቆፈርበት ቀን ነበር። ቁፋሮውን ለጎረቤት ትታ፣ ቡና አፍልታ፣ አንድ በአንድ መለሰችላቸው። ከየት እንደመጡ አሁን አታስታውስም። እነሱም ተመልሰው አልመጡም።

«እኔ አላውቃቸውም እኮ እማዬ» አልኳት።

«አንቺስ ተማሪ አይደለሽ? ጠይቂያቸዋ!» ብላ ዘጋችኝ።

ምን ልበላችሁ፣ አፈርኩ። እናቴ የተቀየመችው ገንዘብ ስላልሰጧት አይደለም። አንድ የሥራ ቀን ሰጥታ ቀኑ ሳይመለስላት ስለቀረ ነው። ለገበሬ ደግሞ ቀን የሚመለስበት ሥርዓት አለው። ስሙም ወንፈል ይባላል።

ደቦ፣ ምጽዋትና ወንፈል

ከከተማ የመጣችሁ የክፍል ጓደኞቼ ሦስቱን ቃላት ልትደበላልቋቸው ስለምትችሉ ትንሽ ላብራራ።

ደቦ (አንዳንዱ ጅጊ ይለዋል) አንድ ሰው ትልቅ ሥራ ሲገጥመው ጎረቤቱን ጠርቶ የሚያሠራበት ነው። አጨዳ ሊሆን ይችላል፣ ቤት መሥራት ሊሆን ይችላል። ጠሪው ጠላውን ጠምቆ፣ እንጀራውን ጋግሮ ይጠብቃል። ሥራው በአንድ ቀን ይጠናቀቃል፤ ተበልቶ፣ ተጠጥቶ፣ ተዘፍኖ ይበተናል። ምጽዋት ደግሞ ያለው ለሌለው የሚሰጠው ነው። ሰጪው ይጸድቃል፣ ተቀባዩ ያመሰግናል፣ በዚሁ ያበቃል።

ወንፈል ግን ከሁለቱም ይለያል። ዛሬ እኔ አንተ ማሳ ላይ አንድ ቀን ከሠራሁ፣ አንተም በተራህ እኔ ማሳ ላይ አንድ ቀን ትሠራለህ። ድግስ የለም፣ ምስጋናም ብዙ የለም። ያለው ዕዳ ነው። ዕዳው ደግሞ አይረሳም፤ ሰው ቢታመም እንኳ ወንድሙን ወይም ልጁን ይልካል። በዚህ የተነሳ ወንፈል የሚገባቡ ሰዎች የግድ ሲተያዩ ይኖራሉ። የእርሻ ቀን ደርሶ ሳይተያዩ መክረም አይችሉም።

የዚህ ጽሑፍ ሐሳብም ይኸው ነው። በእኔ እምነት ብዙዎቹ ዩኒቨርሲቲዎቻችን ከአካባቢያቸው ሕዝብ ጋር የሚገናኙት በደቦና በምጽዋት መንገድ ነው። አንድ ቀን ሁላችንም ቲሸርት ለብሰን ችግኝ እንተክላለን ወይም ከተማ እናጸዳለን፤ ይኼ ደቦ ነው። ያገለገሉ ኮምፒውተሮችና ወንበሮች ለትምህርት ቤት ይሰጣሉ፣ ደብተር ይታደላል፤ ይኼ ምጽዋት ነው። ሁለቱም መልካም ናቸው፤ አይቅሩ። ጉርብትና የሚጸናው ግን በወንፈል ነው።

የቆሎ ተማሪና ባላገር

ደቡብ ጎንደር ለተማሪ አዲስ አይደለም። የድጓ ማስመስከሪያ የሆነችው ቤተ ልሔም ጋይንት ውስጥ ነች። የዝማሬ መዋሥዕት ማስመስከሪያው ዙር አምባም እዚሁ ደቡብ ጎንደር ነው። ከሸዋ፣ ከጎጃም፣ ከትግራይ፣ ከወሎ ሳይቀር ተማሪ እነዚህን ጉባኤ ቤቶች ፍለጋ በእግሩ ሲመጣ ዘመናት ተቆጥረዋል። አሁን ባለው አነጋገር ከሌላ ክልል ተመድቦ የመጣ ተማሪ ማለት ነው።

ታዲያ እነዚህ ተማሪዎች ካፌ አልነበራቸውም፣ ዶርምም አልነበራቸውም። ቤተ ክርስቲያኑ አጠገብ በገዛ እጃቸው ጎጆ ይቀልሳሉ። ለምድ ለብሰው፣ አኩፋዳ ይዘው፣ ውሻ እየከለከሉ በየደጃፉ በእንተ ስማ ለማርያም ይላሉ። ባላገሩም ከእንጀራው ቆርሶ ይሰጣቸዋል። ይኼን ስንሰማ ልመና ብቻ ይመስለናል። ነገር ግን ተማሪውም የሚመልሰው ነገር ነበረው። ፊደል የማያውቀው ባላገር ደብዳቤ ሲመጣለት የሚያነብለት፣ ሲልክም የሚጽፍለት ተማሪው ነው። በበዓል ቀን ማኅሌቱን የሚያደምቀው እሱ ነው። ለሕፃናት ፊደል ያስቆጥራል፣ ሰው ሲሞት በፍትሐቱ ያገለግላል። ከተማሪዎቹም አንዳንዱ ተምሮ ሲጨርስ እዚያው መሪጌታ ሆኖ ይቀራል።

አላጋንነውም፤ የቆሎ ተማሪ ሕይወት መከራ ነበር፤ ረሃቡም ውርጩም እውነት ነው። የምለው አንድ ነገር ነው፤ በተማሪውና በመንደሩ መካከል አጥር አልነበረም። አንድ እናት ቁራሽ የሰጠችው ልጅ ማን እንደሆነ ታውቃለች። እሱም የማን እንጀራ እንደበላ ያውቃል።

የጋፋት ትምህርት

በተቃራኒው ደግሞ ዕውቀት አጥር ውስጥ ሲቀር ምን እንደሚሆን የሚያሳይ ምሳሌ ከደብረ ታቦር አጠገብ አለልን። ጋፋትን ማለቴ ነው። ዐፄ ቴዎድሮስ አውሮፓውያን ሚስዮናውያንንና የእጅ ባለሙያዎችን ጋፋት ላይ አስፍረው መድፍ አስቀለጡ። ሴባስቶፖል የተባለው ትልቁ መድፍ የተሠራው እዚያ ነው። የአካባቢው ሰዎችም አብረው እየሠሩ ሙያ ይማሩ ነበር። እንደ ዘመኑ ሲታይ ጋፋት የቴክኒክ ትምህርት ቤት ነበር ብንል ስህተት አይሆንም።

ሆኖም ጋፋት የንጉሡ ነበር፤ የአካባቢው አልነበረም። ባለሙያውም፣ ብረቱም፣ ጉልበቱም በንጉሡ ትእዛዝ ነው የመጣው። ዐፄ ቴዎድሮስ እ.ኤ.አ. በ1867 ደብረ ታቦርን አቃጥለው ወደ መቅደላ ሲጓዙ መድፉንም ባለሙያዎቹንም ይዘው ሄዱ። በቀጣዩ ዓመት ንጉሡ መቅደላ ላይ ሞቱ። ጋፋት ውስጥ የነበረው ዕውቀት ግን የደብረ ታቦር ገበሬ ማረሻ ላይ ሳይደርስ ቀረ። ዛሬ ቦታውን ሄደን ስንጎበኝ በኩራት ፎቶ እንነሳለን። እኔ ግን ከኩራቱ ጋር አንድ ጥያቄም ይዤ እመለሳለሁ፤ የእኛስ ዕውቀት ባለቤቱ ሲሄድ አብሮ የሚሄድ ነው ወይስ እዚህ የሚቀር?

በሌላው ዓለምና በአገራችን

የዩኒቨርሲቲና የከተማ ግጭት በእኛ አልተጀመረም። በእንግሊዝ አገር ኦክስፎርድ ከተማ እ.ኤ.አ. በፌብሯሪ 1355 ተማሪዎች አንድ መጠጥ ቤት ገብተው የቀረበላቸው ወይን ጠጅ አይረባም ብለው ከባለቤቱ ጋር ተጣሉ። ጠቡ ከመጠጥ ቤቱ ወጥቶ በተማሪውና በከተማው ሕዝብ መካከል ሆነ። ሦስት ቀን በፈጀው ግጭት ከዩኒቨርሲቲው ወገን 63፣ ከከተማው ወገን ደግሞ ወደ 30 የሚጠጉ ሰዎች እንደሞቱ ይነገራል። ከዚያም የከተማው ከንቲባ በየዓመቱ ለንስሐ ቤተ ክርስቲያን እየሄደ ስለ ሞቱት ተማሪዎች ሳንቲም እንዲከፍል ተፈረደበት። ይኼ ሥርዓት እስከ 1825 ድረስ ቀጥሎ ነበር፤ በይፋ ዕርቅ የወረደው ገና በ1955 ነው። ከአንድ መጠጥ ቤት የተነሳ ቂም ስድስት መቶ ዓመት ቆየ ማለት ነው። ነገሩ ግን የወይን ጠጅ ብቻ አልነበረም። ዩኒቨርሲቲው ከንጉሡ ባገኘው ልዩ መብት ከተማው ቀድሞም ተከፍቶ ነበር።

ከዚያ በኋላ በአሜሪካ ሌላ ዓይነት ሐሳብ መጣ። እ.ኤ.አ. በ1862 በወጣ ሕግ ለየግዛቱ መሬት ተሰጥቶ፣ ከመሬቱ በሚገኘው ገንዘብ ግብርናና የእጅ ሙያ የሚያስተምሩ ኮሌጆች ተቋቋሙ። እነዚህ ኮሌጆች እያደር ማስተማርን፣ ምርምርንና ዕውቀትን ወደ ገበሬው ማድረስን አንድ ላይ መሥራት ጀመሩ። ይኼ አሠራር ወደ እኛም አገር መጥቷል። የዓለማያ እርሻ ኮሌጅ በ1950ዎቹ (እ.ኤ.አ.) በአሜሪካው ኦክላሆማ ስቴት ዩኒቨርሲቲ እርዳታ ሲቋቋም ሦስቱንም ሥራዎች ይዞ ነበር። በ1963 ግን የኤክስቴንሽኑ ሥራ ወደ እርሻ ሚኒስቴር ተዛወረ። ኮሌጁ ማስተማሩንና ምርምሩን ይዞ ቀረ። ሦስት እግር ያለው በርጩማ አንዱ እግር ሲወጣለት ምን እንደሚሆን እናንተው ገምቱት።

ጎንደር ላይ ደግሞ ታሪኩ ሌላ ነው። በደንቢያ ሜዳ የወባ ወረርሽኝ ብዙ ሕዝብ ከፈጀ በኋላ እ.ኤ.አ. በ1954 የጎንደር ጤና ጥበቃ ኮሌጅና ማሠልጠኛ ተከፈተ። ልብ በሉ፣ ኮሌጁ የተከፈተው ለሕዝቡ ችግር መልስ ሆኖ ነው። የጤና መኮንኖች፣ የማኅበረሰብ ነርሶችና የሳኒቴሽን ባለሙያዎች አንድ ላይ በቡድን ሆነው እንደ ቆላ ድባ ባሉ ጤና ጣቢያዎች እየኖሩ ይማሩ ነበር። ጅማም በ1975 ዓ.ም. የጤና ሳይንስ ተቋም ሆኖ ሲጀምር ትምህርቱን ማኅበረሰብ ላይ የተመሠረተ አደረገው። ተማሪው በየዓመቱ ወደ ቀበሌ ወጥቶ ችግሩን ከሕዝቡ ጋር ሆኖ ያጠናል። በሚቀጥለውም ጊዜ ተመልሶ መፍትሔ ይሞክራል። «ተመልሶ» የሚለውን ቃል ያዙልኝ።

የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲም እ.ኤ.አ. ከ1964 ጀምሮ ተማሪዎቹ ከመመረቃቸው በፊት አንድ ዓመት በየጠቅላይ ግዛቱ እንዲያገለግሉ ደንግጎ ነበር። አብዛኞቹ አስተማሪ ሆነው ነው የሄዱት። ብዙዎቹ አገራቸውን ያወቁት ያኔ ነው ይባላል። ከዚያ በኋላ በ1967 ዓ.ም. የእድገት በኅብረት ዘመቻ ወደ ስልሳ ሺህ የሚጠጉ ተማሪዎችንና መምህራንን ወደ ገጠር አዘመተ። ፊደል አስቆጥረዋል፣ ጉድጓድ ቆፍረዋል። ሆኖም አንዳንድ ቦታ ከገበሬውና ከባለሥልጣኑ ጋር ተጋጭተዋል። ይኼኛው ትልቅ ደቦ ነበር። ከላይ ታዞ መጣ፣ ከላይ ታዞ ተበተነ።

ሕጉም ቢሆን ዝም አላለም። የከፍተኛ ትምህርት አዋጅ ቁጥር 650/2001ም ሆነ እሱን የተካው አዋጅ ቁጥር 1152/2011 የማኅበረሰብ አገልግሎትን ከመማር ማስተማርና ከምርምር ጋር አብሮ የሚሄድ ተልእኮ አድርገውታል። ስለዚህ ጥያቄው ግዴታ አለብን ወይስ የለብንም የሚለው ሳይሆን እንዴት እንወጣው የሚለው ነው።

ወደ እኛው ከተማ ስንመጣ

ደብረ ታቦር ዩኒቨርሲቲ ማስተማር የጀመረው በ2004 ዓ.ም. ነው። በ1999 ዓ.ም. የሕዝብ ቆጠራ ደብረ ታቦር ከ55 ሺህ ትንሽ ከፍ የሚል ሕዝብ ነበራት። በእንዲህ ዓይነት ከተማ ላይ በሺዎች የሚቆጠሩ ተማሪዎችና ሠራተኞች ሲጨመሩ ምን እንደሚለወጥ ማሰብ ነው። ይኼ የእኛ ከተማ ጉዳይ ብቻ አይደለም፤ በአገራችን አዳዲስ ዩኒቨርሲቲዎች የተከፈቱባቸው መካከለኛ ከተሞች ሁሉ የሚጋሩት ነው።

አንደኛው የመሬት ጉዳይ ነው። አዲስ ዩኒቨርሲቲ አብዛኛውን ጊዜ የሚሠራው በከተማ ዳር፣ በገበሬ ማሳ ላይ ነው። ካሳ ይከፈላል፤ ካሳው ሲያልቅ ግን መሬቱ የለም። የዚያ ገበሬ ልጅ ግቢው ውስጥ ጥበቃ ወይም ጽዳት ሆኖ ቢቀጠር እድለኛ ነው።

ሁለተኛው የኑሮ ጉዳይ ነው። እኛ መደበኛ ተማሪዎች ዶርም ውስጥ ስለምንኖር የቤት ኪራይ አይመለከተንም እንል ይሆናል። መምህራኑና የአስተዳደር ሠራተኞች ግን ከተማ ውስጥ ይከራያሉ። ቤት ላለው ሰው ይኼ ሲሳይ ነው። ቤት ለሌለው ለከተማው ድሃ ግን ኪራይ ሲጨምር ወደ ዳር መገፋት ነው። ውኃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈርም ሁሉም ዓይኑን ወደ ግቢው ታንከር ያነሳል።

ሦስተኛው ሲሳዩ ነው፤ እሱንም መካድ አይገባም። በየዩኒቨርሲቲው በር ላይ ያሉትን ፎቶ ኮፒ ቤቶች፣ ሻይ ቤቶች፣ ፀጉር ቤቶችና ባጃጆች ተመልከቱ። በመጋቢት 2012 ዓ.ም. በኮሮና ምክንያት የአገሪቱ ዩኒቨርሲቲዎች ተማሪዎቻቸውን ወደ ቤት ሲልኩ እነዚህ ሰዎች በአንድ ሳምንት ውስጥ ገበያቸው ደረቀ። ያኔ ማን በማን ላይ እንደሚኖር በደንብ ታይቷል።

አራተኛው ግን ከሁሉም በላይ የሚያሳስበኝ ነው። እሱም አለመተዋወቅ ነው። ወደ ግቢ ለመግባት መታወቂያ ያስፈልጋል፤ ፍተሻም አለ። ለደኅንነት ሲባል ነውና አልቃወምም። ነገር ግን የከተማው ሰው ግቢያችንን የሚያየው ወይ ሲቀጠር ወይ ልጁ ሲመረቅ ብቻ ከሆነ፣ እኛም ከተማውን የምናየው ስንገዛና ስንዝናና ብቻ ከሆነ፣ የቀረው ሁሉ ወሬ ነው። «ተማሪ እኮ እንዲህ ነው»፣ «የከተማው ሰው እኮ ያጭበረብራል» እየተባባልን እንኖራለን። ወሬ ደግሞ ክፉ ቀን ሲመጣ እሳት ይሆናል።

የጎንደር ቃል ኪዳን

ክፉ ቀን ስል ዝም ብዬ አይደለም። በ2012 ዓ.ም. መጀመሪያ በበርካታ ዩኒቨርሲቲዎች በተማሪዎች መካከል ግጭት ተነስቶ ሕይወት ጠፋ፤ ብዙ ተማሪዎችም ትምህርታቸውን ጥለው ወደ ቤተሰቦቻቸው ተመለሱ። በዚያው ዓመት የጎንደር ዩኒቨርሲቲ የጎንደር ቃል ኪዳን ቤተሰብ የሚባል ፕሮጀክት ጀመረ። አሠራሩ ቀላል ነው። ከሩቅ አካባቢ የመጣ አዲስ ተማሪ ከአንድ የጎንደር ከተማ ቤተሰብ ጋር ይገናኛል። ቤተሰቡ እንደ ልጃቸው ሊያዩት፣ ተማሪውም እንደ ወላጅ ሊያያቸው ቃል ይገባባሉ። በዓል ሲሆን ይጠሩታል፣ ሲታመም ይጠይቁታል፣ ሲያጠፋም ይቆጡታል። ሌሎች ዩኒቨርሲቲዎችም ሐሳቡን ወስደው በየራሳቸው መንገድ ሞክረውታል።

እኔ ይኼን ፕሮጀክት የምወደው ብዙ ገንዘብ ስለማይጠይቅ ብቻ አይደለም። ከቆሎ ተማሪው ሥርዓት ጋር ስለሚመሳሰል ነው። «የአካባቢው ማኅበረሰብ» የሚባለው ነገር ስም ያገኛል፤ እትዬ እገሊትና ጋሼ እገሌ ይሆናል። አንድ ሰው ደግሞ የእትዬን ዶሮ ወጥ በልቶ የእትዬን ሰፈር አይረብሽም። እትዬም ማዕዷ ላይ ያስቀመጠችውን ልጅ በዘሩ አትጠላውም።

አንድ ነገር ግን ልጨምር። ቤተሰቡ አብልቶ ተማሪው በልቶ ብቻ ከሆነ ይኼም ወደ ምጽዋት ይመለሳል። ወንፈል እንዲሆን ተማሪውም የሚመልሰው ቀን ሊኖር ይገባል።

እንግዲህ ምን እንመልስ?

የመጀመሪያው ለእናቴ ያለብን ዕዳ ነው፤ ጥያቄ ጠይቀን መልሱን ይዘን መጥፋት የለብንም። የመመረቂያ ጽሑፎቻችን በአብዛኛው በእንግሊዝኛ ተጽፈው መደርደሪያ ላይ ይቀመጣሉ። ስለ ፋርጣ ገበሬ የተጻፈውን የፋርጣ ገበሬ አያነበውም። በዩኒቨርሲቲያችን ሥር የጉና ጣና የተቀናጀ የመስክ ምርምርና ልማት ማዕከል አለ። ርብና ጉማራ ከጉና ተነስተው ጣና ነው የሚገቡት። ስለዚህ ተራራው ላይ የሚጠናው ነገር የሁሉም ሰው ጉዳይ ነው። የእኔ ሐሳብ ማንኛውም መጠይቅ የሞላ ቀበሌ በዓመቱ ውስጥ አንድ ገጽ የአማርኛ ጽሑፍ እንዲደርሰው ነው። «ጠይቀናችሁ ነበር፤ ያገኘነው ይኼ ነው፤ ያልገባንም ይኼ ነው» የሚል። እሱም በቀበሌ ስብሰባ ወይም በእድር ቀን ጮክ ብሎ ይነበብ። ይኼን ለማድረግ ከእኛ ከጋዜጠኝነት ተማሪዎች የተሻለ ማን አለ? ከባዱን ነገር በቀላሉ መጻፍ ትምህርታችን አይደለም እንዴ! መምህሮቻችን ለሪፖርቲንግ ኮርሱ አንዱን አሳይመንት በዚህ ቢተኩት ክፍሉ ምንም ወጪ አያወጣም።

ሁለተኛው የ12ኛ ክፍል ጉዳይ ነው። የ2014 ዓ.ም. ተፈታኞች ብሔራዊ ፈተናውን በዩኒቨርሲቲዎች ግቢ ውስጥ መውሰድ የጀመሩበት ዓመት ነው። ውጤቱ ሲወጣ ከመቶ 50 እና በላይ ያመጡት 3.3 ከመቶ ብቻ ነበሩ። በ2015 ዓ.ም. ደግሞ 3.2 ከመቶ። አስቡት፤ የከተማው ልጅ ግቢያችንን ለመጀመሪያ ጊዜ ያየው ለመፈተን ገብቶ ነው፤ አብዛኛውም ተፈትኖ ወጥቶ አልተመለሰም። ታናሽ ወንድሜ ዘንድሮ 12ኛ ክፍል ነው። ሒሳብ ላይ ሲጨነቅ አየዋለሁ። እኛ ግቢ ውስጥ ግን ሒሳብ እንደ ውኃ የሚጠጡ ልጆች ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ፑል ሲጫወቱ ይውላሉ። በሳምንት ሁለት ሰዓት፣ ዓመቱን ሙሉ፣ አንድ ተማሪ አምስት ልጆችን ይዞ ቢያስጠና ምን ይጎድልበታል? ለአንድ ሳምንት ዘመቻ ሳይሆን ዓመቱን ሙሉ፤ ልዩነቱ እዚህ ላይ ነው።

ሦስተኛው ገበያው ነው። የተማሪ ካፌ በቀን የሚፈጀው ድንች፣ ሽንኩርትና ጥራጥሬ ቀላል አይደለም። ግዢው በጨረታ ስለሚካሄድ ፈቃድና ማስያዣ ያለው ነጋዴ ያሸንፋል። የጋሳይ ገበሬ ድንቹን በርካሽ ለደላላ ይሸጣል፤ እኛም ያንኑ ድንች በሦስተኛ እጅ እንበላለን። ገበሬዎች በኅብረት ሥራ ማኅበራቸው በኩል የሚያቀርቡበት መንገድ ቢመቻች የሁለቱም ወገን ጥቅም ነው። ይኼ ከእኛ ከተማሪዎች አቅም በላይ ቢሆንም ጥያቄውን ማንሳት ግን ሥራችን ነው።

የወንፈሉን ዕዳ ማን ይቆጥራል?

አንድ ጓደኛዬ ይኼን ጽሑፍ ሳይወጣ አንብቦ ጥሩ ጥያቄ አነሳብኝ። ወንፈል በእኩዮች መካከል ነው፤ ዩኒቨርሲቲና አንድ ሰፈር ግን እኩል አይደሉም፤ ትልቁ ዕዳውን ቢረሳ ትንሹ ምን ያደርጋል? አለኝ። እውነቱን ነው። እኔም ብዙ አሰብኩበት።

መልሱን ያገኘሁት እድር ውስጥ ነው። እድር ዳኛ አለው፣ ጸሐፊ አለው፣ መዝገብ አለው። ሀብታምም ይሁን ድሃ ከቀብር ከቀረ ይቀጣል። ስለዚህ ከዩኒቨርሲቲው፣ ከተማሪዎች ኅብረት፣ ከአካባቢው እድሮችና ከቀበሌ የተውጣጣ ትንሽ ኮሚቴ ቢኖር፣ እሱም በየሴሚስተሩ አንዴ ተሰብስቦ መዝገቡን ቢከፍት እላለሁ። የትኛው ክፍል የት ሄደ? የጠየቀውን መለሰ ወይ? ሕዝቡስ ምን ቃል ገብቶ ምን ፈጸመ? የኪራይ፣ የጩኸት፣ የስርቆት ቅሬታም እዚያው ይነገር። የከተማው ወገንም ተጠያቂነት አለበት፤ ተማሪ ስለሆነ ብቻ ዋጋ የሚጨምርበት ባለሱቅ ካለ እድሩ ይገሥጸው። ስብሰባው ደግሞ አንድ ጊዜ ግቢ ውስጥ፣ አንድ ጊዜ እድሩ ቤት ቢሆን ጥሩ ነው። ሁልጊዜ የሚጠራ አንድ ወገን ብቻ ከሆነ ጉርብትና አይባልም።

ማጠቃለያ

በመጨረሻ ስለ ራሴ ዕዳ ልናገርና ላብቃ። በነሐሴ 2013 ዓ.ም. ጦርነቱ በጋይንት በኩል ወደ ጋሳይና ጉና አካባቢ በደረሰ ጊዜ እኛም እንደ ሌላው ሰው ቤታችንን ዘግተን ወደ ደብረ ታቦር ተሰደድን። እኔ ያኔ ገና የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ ነበርኩ። ዝናቡም ብርዱም አይጣል ነበር። አንዲት የማናውቃቸው እናት ከመንገድ ጠርተው ቤታቸው አስገቡን። ያላቸውን አንድ ጋቢ ለእኔና ለወንድሜ አለበሱን፤ እሳቸው በነጠላ አደሩ። ከዓመታት በኋላ ዩኒቨርሲቲ ስመደብ የደረሰኝ ይኸው ከተማ ሆነ። እኔ ይኼን ከተማ ያወቅሁት ከግቢው በፊት በእኚያ እናት ጋቢ ነው።

እውነቱን ልናገር፤ እዚህ መማር ከጀመርኩ ጀምሮ እኚያን እናት የጠየቅኋቸው ሁለት ጊዜ ብቻ ነው። ፈተና፣ አሳይመንት እያልኩ። ለካስ እናቴ «ተመልሰው አልመጡም» ያለቻቸው ልጆች እኔም ነኝ። ይኼን ጽሑፍ ጨርሼ ለመምህሬ ካስረከብኩ በኋላ በሚመጣው ቅዳሜ ወደ እሳቸው ቤት እሄዳለሁ። የልጅ ልጃቸው ስምንተኛ ክፍል እንደሆነች ነግረውኛል፤ እንግሊዝኛ ይከብዳታል አሉ። የእኔ ወንፈል ከእሷ ይጀምራል።

እናንተስ ውድ አንባቢያን? እዚህ ከተማ ውስጥ የማን ቀን አለባችሁ? ቸር ይግጠመን!